በጸሎት መሃል የመጣ ብርድ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ብሩክ ተንቀጠቀጠ። ከጣቱ ጫፍ እስከ መንጋጋው። ጥርሱ ሲጋጭ ሴቶቹ የተቀመጡበት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

የጾም ጸሎታችን የመጀመሪያ ቀን ነው። ሰርጋችን ጥር ላይ ስለሆነ የጋብቻ አማካሪያችን ጋሽ ዮናስ ከረቡዕ እስከ ዓርብ እንድንጾም አዘዙን። ውሃ ብቻ። ጉባኤውም አብሮን ይጸልያል። እኔ በበኩሌ ከረፋዱ ጀምሮ ሳስብ የዋልኩት ስለ ሽሮ ነው፤ ጌታ ያውቃል፣ ምን ልደብቅ።

ከሰዓት በኋላ ጸሎቱ ሞቅ ሲል ብሩክ ተንበርክኮ ነበር። መጀመሪያ ትከሻው ነቅነቅ አለ። ቀጥሎ ጀርባው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ። የያዘው ወንበር ሳይቀር ወለሉ ላይ ይንቀጫቀጫል። ጋሽ ዮናስ መጥተው እጃቸውን ጫኑበትና "ጌታ ልጁን እየነካው ነው" አሉ። ቤቱ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። እኔም ጮክ ብዬ አልኩ። ብሩክ ሲጸልይ ትንፋሹ እንኳን አይሰማም፤ እማዬ ሁልጊዜ "ይሄ ልጅ ይጸልያል ወይስ እንቅልፉን ይለጥጣል?" ትለኛለች። ዛሬ እሷም አጠገቤ ቆማ አየችው። ኮራሁ።

ስንወጣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ቆመ። "ምን ተሰማህ?" አልኩት። "ደህና ነኝ" አለኝ። መንፈስ ቅዱስ የነካው ሰው ደህና ነኝ ይላል እንዴ? ፊቱ በላብ ርሷል። ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው፣ ከቆሼ በኩል ስለነበር አፍንጫችንን ይዘን እስከ ታክሲ ተራ ወረድን። እጁን ስይዘው ይፋጃል። መንፈስ ቅዱስ እሳት መባሉ ለካ ለዚህ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ዋልኩ። አየር ጤና ዛሬ መኪናው ሁሉ ካንዴላ ለመቀየር የተማማለ ይመስል ነበር። ሆዴ ባዶ፣ ጭንቅላቴ ባዶ፣ አንዱ መካኒክ ኩሽኔታ ሲለኝ ፊልትሮ ሰጠሁት። "እህቴ፣ ልብሽ ለሰርጉ ሄዷል" ብሎ ሳቀብኝ።

ብሩክ ከሰዓት ብቅ አለ። ምንም አልሆነም። ዕቃ ደረደረልኝ፣ ቀለደ፣ ሳቀ። እሱና እናቱ እትዬ ጽጌ የኮረሪማና የማር ንግድ አላቸው፤ ዕቃው ከቴፒ በመኪና ይላክላቸዋል። ለሰርጋችን ብርዝ የሚሆነውን ማር ግን ራሱ ሄዶ አመጣ። መስከረም ማለቂያ ላይ ነው የሄደው። እግረ መንገዱንም ከአጎቱ ምርቃት ተቀበለ። ሕፃን ሆኖ ከወጣ ወዲህ ያን አገር ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው፤ ከተመለሰ በኋላ ስለ ጫካው ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። ዛሬም አወራ። ስለዚህ ትናንት የፈራሁት ነገር ካለ ከንቱ ነው።

ከክሊኒኩ ተደወለ። ማክሰኞ ለምርመራ ደም ሰጥተን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ያለ ጤና ማስረጃ ጋብቻ አትባርክም። "ነገ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ" አለችኝ ልጅቷ። አብራችሁ ለምን አስፈለገ? "አሠራራችን ነው" አለች። አሠራራቸው ከሆነ ለምን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከየት ልጀምር።

ከኤችአይቪ ነጻ ነን፣ ሁለታችንም። ይሄ መጀመሪያ ተነገረን፣ ተነፈስኩ። ሐኪሙ ግን የብሩክን ወረቀት ከእጁ አላስቀመጠም። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲናገር ቃላት ይመርጣል። የብሩክ ነጭ የደም ሴሎች ቀንሰዋል። በተለይ ሊምፎሳይት የሚባሉት፣ ሰውነት በሽታን ለይቶ የሚያጠቃባቸው፣ ከሚጠበቀው ግማሽ እንኳን አይሞሉም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶችም ወርደዋል።

"ትኩሳት አለህ?" አለው።

"የለኝም።"

"ድካም? ራስ ምታት?"

"ጾም ላይ ነን" አለ ብሩክ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እውነት ነዋ፣ ጾም ላይ ነን።

ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ያዝኩት። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል አለኝ። አለቅህም አልኩት። ቫይረስ፣ የመድኃኒት ጠንቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ደም ከሚመረትበት ከመቅኔ የሚነሳ ችግር። ይህን የመጨረሻውን ፈጠን ብሎ ነው የተናገረው። የደም ስፔሻሊስት እንዲያየው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈልን። ቀጠሮው የሚመጣው ሳምንት ነው። የኔን የጤና ማስረጃ ሰጠኝ። የእሱን አልሰጠውም።

ከዚያ ወደ ጸሎት ሄድን፣ የመዝጊያው ቀን ስለሆነ። ብሩክ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከረቡዕ ብሷል። ሰዉ አጨበጨበ፣ አንዷ እናት አለቀሰች። እኔ ሃሌ ሉያ አላልኩም። ጥፍሮቹን አየሁ። ከንፈሩንም። ሰማያዊ ሆነዋል። በልቤ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ከሆንክ ጥሩ፣ ካልሆንክ ግን ንገረኝ" አልኩ። ምንም አልነገረኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም። ነገርኳት።

"ነጭ የደም ሴል?" አለች። ሻይ እየቀዳች ነበር፣ በራዱን አስቀመጠች። "ነጭ የደም ሴል የሚቀንሰው በምን እንደሆነ አገር ያውቃል፣ ልጄ። ሲዲ ፎር ሲባል አልሰማሽም?"

"ነጻ ነው እማዬ። ተመርምሯል።"

"ቶሎ ላይታይ ይችላል።"

"እማዬ!"

"ምን አጠፋሁ? ዱር ለዱር ሄዶ የመጣው ከማን ጋር እንደነበረ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ለማር ብቻ ነው የሄደው? ማር አየር ጤናም ይሸጣል።"

ጮህኩባት። እሷም ጮኸች። በመጨረሻ "ሰርጉ ይቆይ፣ የጥሪ ካርዱም እንዳይታተም" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረሁላት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለኔ ስትፈራ ምላሷ ስለት ያወጣል።

ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ነጭ ሴልና ፕላትሌት አብረው ሲወርዱ፤ የደም ካንሰር። የመቅኔ መድረቅ። ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ። ጉበት። ስሙን መጥራት የማልችለው አንድ ሌላ ነገር። እያንዳንዱ ላይ የብሩክን ፊት እየለጠፍኩ አነበብኩ። ካነበብኩት ሁሉ "ይሄስ አይደለም" ብዬ በእርግጠኝነት የዘለልኩት አንድም የለም።

ዛሬ እሱ ደህና ነው፣ ይሄ ነው የሚያሳብደኝ። ረቡዕ ታመመ፣ ሐሙስ ተነሣ። ዓርብ ታመመ፣ ዛሬ ተነሥቶ እንጀራ በላ፣ ትንሽም ቢሆን። ቤታቸው ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። "የደበቅኸኝ ነገር አለ?" አልኩት። የማሩን ጄሪካን ሲያይ ቆየ። "የለም" አለ። ብሩክ ሲዋሽ ግራ ጆሮው ይቀላል። ቀላ።

ማታውን ስጸልይ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ተጠራጠርኩት። ከበሽታው ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የምጽፈው ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠዋት አምልኮ ላይ አልመጣም። እትዬ ጽጌ ደወሉልኝ፣ "ልጄ እስቲ ብቅ በይ" አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ዘነበወርቅ ቤታቸው እስክደርስ እግሬ ከራሴ ቀደመ። ብሩክ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ያስታውከዋል። ዓይኑ ቢጫ ብጤ ሆኗል። ከዚያ ከሞተ አያቱ ጋር ማውራት ጀመረ፣ "አባባ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርዱ ገባ" እያለ።

እትዬ ጽጌ ራስጌው ተንበርክከዋል። "ጋሽ ዮናስ እስኪመጡ ጠብቂ" አሉኝ። "በጾሙ የጀመረውን ጌታ ይጨርሰዋል።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጠብቅም" አልኩ። ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። "እየጸለዩ ይምጡ፣ መንገድ ላይም ይጸለያል።"

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወጣን። ብሩክ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ነበር። መሃል መንገድ ላይ ነቃ አለና አወቀኝ።

"ሊዱ፣ በርዶኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አይ፣ ያን ቀንም። ረቡዕ። በርዶኝ ነበር እኮ። ጋሽ ዮናስ እጃቸውን ጭነው፣ ሰው ሁሉ ሲያመሰግን፣ እናትሽም እያየችኝ… ብርድ ብርድ አለኝ ልበል? አፈርኩ።" ትንሽ ተንፍሶ "ደግሞ ምናልባት ጌታ ራሱ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ነክቶኝ አያውቅ፣ በምን ልለየው?" አለ።

ለካ የደበቀኝ ይሄን ነው። እኔ ከሴት ጋር አጋብቼው፣ ካንሰር ሰጥቼው፣ ቀብሬው ነበር። እሱ ያፈረው በመብረዱ ነው። አለቀስኩ፣ ታክሲ ነጂው በመስታወት አየኝና ሬዲዮውን ቀነሰ።

ድንገተኛ ክፍል ያየችን ዶክተር ቀጭን ናት፣ አነጋገሯ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። የክሊኒኩን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው፣ የብሩክን ሆድ በግራ በኩል ጫን ስታደርገው አቃሰተ። ከዚያ "ትኩሳቱ የመጣው በየትኞቹ ቀናት ነው?" አለች። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዛሬ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"በቅርብ ቆላ አገር ሄዶ ነበር?"

እትዬ ጽጌ ቀድመው መለሱ። "ማር ሊያመጣ አገሩ ሄዶ ነበር። ግን የኔ ዶክተር፣ ወባ እኛን ምንም አያደርገንም። ልጁ እዚያው ነው የተወለደው፣ ወባ ያውቀዋል። አጎቱ አጎበር ሲዘረጋለት እንኳን ሳቅንበት።"

ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ከዚያ ሲወጣ ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ገና ፊደል ያልቆጠረ።"

"እንግዲያው ወባ ረስቶታል፣ እሱም ወባን ረስቶታል" አለችና ነርሷን ጠራች። ከጣቱ ደም ወሰዱ።

ወባ ነው። ብዙ ነው አሉ። ክኒን ስለማይረጋለት በደም ሥሩ ጀመሩለት። ካንሰር አይደለም የሚለው ደስታ ገና ሳይገባኝ ዶክተሯ "ዘግይታችኋል፣ ቀጣዮቹን ቀናት እናያለን" አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ትኩሳቱ እንዳለ ነው። ግን ያውቀኛል፣ ስሜን ይጠራል።

ዶክተሯ ዙር ስትጨርስ በር ላይ ጠበቅኳት። አንድ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል። ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይሄን ትምህርት ቤት ተምረናል። ታዲያ ነጮቹን ማን ወሰዳቸው? ማን ገደላቸው?

"ብዙዎቹ አልሞቱም" አለች። ወደ ብሩክ አልጋ ወሰደችኝና ከግራ ጎድኑ ሥር እጄን አስቀመጠች። ጠንካራ ነገር አለ፣ ተነፋፍቶ ወጥቷል። ጣፊያው ነው። "የታመሙትን ቀይ ሴሎች የሚያጣራው ይሄ ነው። ጦርነቱ ያለው እዚህ ነው። ነጮቹ ከደም ሥር እየወጡ እዚህ ገብተዋል። እኛ ከክንድ ደም ስንወስድ የምንቆጥረው መንገድ ላይ የቀሩትን ብቻ ነው።"

ፊልትሮ ማለት ነው አልኳት፣ ሱቄ የምሸጠው የመኪና ማጣሪያ። ቆሻሻው ሲበዛበት የሚያብጥ። ሳቅ ልትል ቃጣት። "ከሞላ ጎደል" አለች። "የምትሸጪው ከሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ከዚያ የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። በደሙ ውስጥ የቀሩት ትልልቅ ነጭ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሆዳቸው ውስጥ ጥቁር ቡናማ ነገር አለ። ወባው ቀዩን ደም በልቶ የሚተወው ጥራጊ ነው። እነሱ ውጠውታል፣ መፍጨት ግን አይችሉም። ሆዳቸው በዚያ ሲሞላ ይደነዝዛሉ፣ ሌሎቹን መጥራትና ማዘዝ ያቅታቸዋል። ሊምፎሳይቶቹ ደግሞ ከፊሎቹ ጣፊያ ገብተዋል፣ ከፊሎቹ በውጊያው ብዛት ዝለዋል፣ ጥቂቶቹም እውነትም ያልቃሉ። ስለዚህ አሁን ሌላ ጀርም ቢመጣበት በሩን የሚጠብቅ የለም። የምትፈራው ይሄን ነው።

የእትዬ ጽጌንም ነገር ጠየቅኳት፣ የተወለደበት አገር አይጠብቀውም ወይ ብዬ። እዚያ የሚኖር ሰው በየጊዜው ስለሚነደፍ ሰውነቱ ጠላቱን ያስታውሳል፤ ሲይዘውም ቀለል ይልለታል። ርቆ የኖረ ግን እያደር ይረሳል። የብሩክ ደም እዚሁ ኮልፌ አድጓል፤ የሚያውቀው ብርዱን፣ ጭቃውንና የቆሼን ጭስ ነው።

እትዬ ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይሄን ሁሉ ሰምተዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "እኔ ነኝ ያሳቅሁት፣ በአጎበሩ" አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ክፉ ቀን።

ጠዋት ብርዱ በተራው መጣ፣ አፍንጫውም ደማ። አልቆም አለ። ነርሷ ጥጥ በጥጥ ላይ ጨመረች። ፕላትሌቱ ከዓርቡም ወርዷል። ከሰዓት ሳል ጀመረው። ዶክተሯ ደረቱን ስታዳምጥ ፊቷን አነበብኩ፤ ደስ አይልም። ራጅ አስነሣችው፣ ሌላ መድኃኒት ጨመረች። በሩን የሚጠብቅ የለም ያለችው ይሄው መጣ አልኩ። ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ጸለይኩ። "እባክህ" ብቻ አልኩ። ደጋግሜ።

ከዚያ ጉባኤው መጣ። ሊጠይቁት። በሁለት ሚኒባስ ተጭነው፣ ብርቱካንና ጁስ ይዘው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ከፊታቸው ጋሽ ዮናስ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፣ አልጋው ተከቦ ይዘመርለታል፣ እጅ ይጫንበታል። እኔም ስንቱን እንዲህ ጠይቄያለሁ። አንዷ ታስላለች፣ አንዱ ሕፃን አፍንጫው ይፈሳል።

በሩ ላይ ቆምኩ።

"መግባት አይቻልም" አልኩ።

"ልጄ፣ ልንጸልይለት ነው" አሉ ጋሽ ዮናስ።

"አውቃለሁ ጋሽዬ። ግን ሰውነቱ መከላከያ የለውም። ሐኪሟ ሰው እንዳይገባ ብላለች።"

"ጸሎት ሰው አይደለም።"

"የሚጸልየው ሰው ነው" አልኩ፣ ከዚያ ራሴን መግታት አቃተኝ። "ጋሽ ዮናስ፣ ብሩክ ያን ዕለት የተንቀጠቀጠው ወባ ይዞት ነው። ትኩሳት ላይ ነበር። እኛ ሃሌ ሉያ አልን። እኔም አልኩ። ዛሬ ግን አልልም።"

ሰው በአማካሪው ላይ እንዲህ አይናገርም፣ ያውም ገና ያላገባች። ተቆጥተው ይሄዳሉ፣ ጋብቻችንም በዚሁ ያበቃል አልኩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እጄን ስጭንበት ሙቀቱ ተሰምቶኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ታሞ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ግን ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።"

ከዚያ ዞረው ጉባኤውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሰበሰቡት። ከመስኮቱ አየኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ፣ አንድም ሰው አልጮኸም። ብርቱካኑን ለጥበቃው ትተው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ተራው የብርዱ ነበር። በየሁለት ቀኑ አይደል? ዛሬ መምጣት ነበረበት። ከጠዋት ጀምሮ ትከሻውን ሳይ ዋልኩ። ብርድ ልብሱን ሲያስተካክል ልቤ ዘለለ። ሲያዛጋ ዘለለ። ብሩክ "ሊዱ፣ ጫጩት እንዳላት ዶሮ አትጠብቂኝ" አለኝ። ሲቀልድ ደስ አለኝ፣ ግን መጠበቄን አልተውኩም።

አልመጣም።

የጠዋቱ ምርመራ ደሙ ውስጥ ወባው በጣም መቀነሱን አሳየ። ነጮቹ ገና ናቸው። ዶክተሯ እነሱ ከጣፊያ እስኪመለሱ ትንሽ ይቆያሉ አለች። ሳሉም ለቀቅ ብሏል።

እማዬ አጥሚት ይዛ መጣች። በር ላይ ቆማ እኔን እያየች "ልግባ ወይስ እኔንም ትከለክይኛለሽ?" አለች። እጅሽን ታጠቢ አልኳት። ታጠበች። አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጎረሰችው። በማሩና በሴት ስለጠረጠረችው ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሲጨርስ ግን አፉን በገዛ ነጠላዋ ጠረገችለት። እማዬ ነጠላዋን እኔ እንኳን እንድነካው አትወድም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ወጣን። ከስቷል፣ ሱሪው አይያዝለትም። ፕላትሌቱ ተነሥቷል። ነጮቹም እየተመለሱ ነው።

አንድ ነገር አለ ግን። ይሄኛው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘር አለው፤ ካልተገደለ ከወራት በኋላ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀጥል ክኒን ሰጡት። ባዶ ሆድ አይወሰድም፣ አይቋረጥም። ደህና ሆንኩ ብሎ እንዳይተወው ዶክተሯ ለእሱ ነግራ ስታበቃ ወደኔ ዞራ ደገመችልኝ። ገብቷታል።

ጋሽ ዮናስ ደወሉ። የምስጋና ጾም ሊያውጁ አስበው ነበር። "ብሩክ አይጾምም ጋሽዬ፣ ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው" አልኩ። ክፉ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። "እንግዲያው የምስጋና ምሳ ይሁና" አሉ። "እኔም ስኳሬ አስቸግሮኛል።"

ብሩክ ሲስቅ ሳሉ ተነሣበት። ሳቁን እስኪጨርስ ደረቱን ያዝኩለት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጠዋት ክሊኒክ። ያ ወጣት ሐኪም የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበ። "ትኩሳት የለኝም ብለኸኝ ነበር" አለው። "ፈርቼ ነው" አለ ብሩክ፣ በዚህ ጊዜ ጆሮው አልቀላም። ደሙ እንደገና ተቆጠረ። ነጮቹ ተመልሰዋል። ሊምፎሳይቶቹም። ከጤነኛው ወሰን ታችኛው ጫፍ ላይ ናቸው፣ ግን ገብተዋል። የጤና ማስረጃውን ፈርሞ ሰጠው። እማዬ ጋ ደወልኩ። "የጥሪ ካርዱን ማን ያትመው?" አለችኝ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከሰዓት የረቡዕ ጸሎት ነበር። ብሩክ ምሳውን በልቶ፣ ክኒኑን ውጦ መጣ። ጋሽ ዮናስ መስክር አሉት። ወጣ። እንዲህ ያለ ንግግር አይችልም፣ ወለሉን እያየ ነው የተናገረው።

"የዛሬ ሁለት ሳምንት እዚህ የተንቀጠቀጥኩት ወባ ይዞኝ ነው" አለ። "ያኔ መናገር ነበረብኝ። የሚያማችሁ ካለ በጊዜ ተናገሩ። እግዚአብሔር ይመስገን።" ተመልሶ ተቀመጠ።

አንድ ሁለት ሰው አሜን አሉ። ከኋላ አንዲት እናት "የኔም ልጅ ከወለጋ ከተመለሰ ወዲህ ያተኩሰዋል" ሲሉ ሰማሁ፣ ለጎረቤታቸው፣ ቀስ ብለው።

ጸሎቱ ቀጠለ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው ብሩክ ተንበርክኮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

የጉበቱ ዘር። ተነሣ። ክኒኑን ሳይውጥ ቀርቶ ይሆን? ነጮቹ እንደገና… ሰው አላየሁም፣ በሴቶቹ መሃል ተሻግሬ ወንዶቹ ጋ ሄድኩ፣ አጠገቡ ተንበረከክሁና እጄን አንገቱ ላይ አደረግሁ።

ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ። ፊቱን ቀና አደረገ፣ እንባው ይፈሳል።

"አትፍሪ" አለኝ በጆሮዬ። "ይሄኛው እውነተኛው ነው።"

አመንኩት። እጄን ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ ከአንገቱ ላይ አላነሣሁም። ነገ ጠዋትም ለማንኛውም ቴርሞሜትሩን ይዤ እሄዳለሁ።